የተገለበጠው ሉህ

በስምንት ዓመቴ ከእናቴ የበለጠ ቁርኣን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ደግሞ ብቻዬን አልነበርኩም፤ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ ያለችው መንደራችን በሙሉ እንደዚያው ነበር የምታምነው። «ፈዲላ የሐረመይን አገር ኖራ መጣች» ከተባለ በቃ፣ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። መካን የረገጠ እግር፣ ዘምዘም የጠጣ አፍ! እሷም ዐረብኛውን ታንቆረቁረዋለች። ገበያ መሀል ከሳዑዲ ተመላሽ ጓደኞቿ ጋር በዐረብኛ ስትሟገት፣ አሮጊቶቹ ቁርኣን የምትቀራ እየመሰላቸው «አሚን፣ አሚን» ይሉላታል። ምስኪኖች! ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነበር የምትሟገተው።

የሄደችው ገና እየዳህኩ ሳለሁ ነው። አያቴ አሳደገችኝ። ለውጡ መጣ ተብሎ አገሩ በየአደባባዩ ሲጨፍር እንኳ እናቴን የማውቃት በስልክ ድምፅ ብቻ ነበር። አያቴ በሞተች በዓመቱ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከሳዑዲ ሲመለስ፣ እሷም አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች። አባቴ እዚያው ጂዳ ሹፌርነቱ ላይ ቀረ። እኔ «ኢቲሳም፣ እናትሽ ናት፣ ሳሚያት» ስባል ከአያቴ ሞት ወዲህ የያዘችኝ የጎረቤታችን የእትዬ አሰገደች ቀሚስ ውስጥ ተደበቅኩ። እናቴ አልተቆጣችም። ብቻ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ እስክወጣ ድረስ ጠበቀችኝ።

ሰፈርተኛው ወረቀት ያመጣላት ጀመር። ልጇ ከዐረብ አገር መድኃኒት የላከላት ትመጣለች፤ የውል ወረቀት ያለው ይመጣል። «ፈዲላ፣ እስቲ አንብቢልን።» እናቴ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ታስጠጋዋለች፣ ታርቀዋለች፣ ከዚያ ዓይኗን ትጠርጋለች። «የሪያድ አሸዋ ዓይኔን ጨርሶታል፣ ወላሂ። ደብዝዞብኛል።» ሰዎቹም «አፍወን፣ አላህ ይማርሽ» ብለው ይሄዳሉ። እኔማ እውነት መስሎኝ፣ ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ «ያ ረቢ፣ የእማን ዓይን አድንልኝ» እያልኩ ዱዓ አደርግ ነበር። ያንኑ ዓይኗን ይዛ ከጤፍ ውስጥ ጠጠር ስትለቅም ግን አንዲት አታመልጣትም። እንዴት እንዳልገረመኝ!

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የዚያን ጊዜውን ሁሉ አልተርክም፤ የነበረ ያውቀዋል። ወር ከምናምን በየጓዳችን ተሸሽገን ከረምን። ሲያልፍ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ጂዳ ያለው አባቴ እኛ እንኑር አንኑር የሚያውቅበት መንገድ የለም። የትምህርት ቤቱ ዴስክ ማገዶ ሆኗል። የመስጊዱ ቁርኣን ቤትም ነጭ ሰሌዳውና በኪስ የሚያዙት የፊደል መጽሐፎች የት እንደገቡ አልታወቀም። የኛ አስቀሪ፣ ቁርኣን አስተማሪያችን ሸህ ኑርዬ ግን አልደነገጡም። እጃቸውን አጨብጭበው፣ «በሉ፣ አባቶቻችን በምን ቀሩ? በእንጨት!» አሉ። ጥላሸትና የግራር ሙጫ አስበጠበጡ፣ ከሐይቁ ዳር ሸምበቆ አስቆርጠው ብዕር ቀረጹ፣ ለልጁ ሁሉ ከዋንዛ ጣውላ ሉህ አስጠረቡ። ሉህ እንግዲህ ያው ተጽፎበት ተቀርቶ የሚታጠብ ጣውላ ነው። ሸህ ኑርዬ ብዙ ያውቃሉ፤ ሰው «ሸህዬ፣ አንቱ ኮ ባሕር ነዎት» ሲላቸው ግን ሁልጊዜ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እኔ ምን አውቃለሁ! አላህ ነው የሚያውቀው።»

ችግሩ ሴት ልጆችን ያስቀሩ የነበሩት የሸኹ ባለቤት ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ኮምቦልቻ ሸሽተው፣ እዚያው ታመው ቀሩ። አንድ ጁምዓ ሴቶቹ መስጊዱ ግቢ ተሰብስበው ስለዚሁ ሲመክሩ፣ ባለ ሱቋ ዘሀራ ተነሣች። ዘሀራ ስታወራ ሐይቁ ማዶ ይሰማል።

«ምነዋ ሰዎች፣ ወርቅ እጃችን ላይ ይዘን መዳብ እንፈልጋለን?» አለች። «ፈዲላ እያለች! የሐረመይን አገር የኖረች!»

«ኧረ ልክ ነሽ!» አለ ሴቱ ሁሉ። ሸህ ኑርዬም ዞር ብለው እናቴን አዩዋት። «ረመዷን ሊገባ ሲል ብንከፍተውስ፣ ፈዲላ? ይቻልሻል?»

እናቴ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። «ኢንሻአላህ» አለች።

በእኛ አገር ሰው ፊት «አይ» ማለት ነውር ስለሆነ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ከዚያ በቀስታ ይሸሻል። እናቴም ልትሸሽ ነበር ያሰበችው። ዘሀራ ግን እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሴቱ ተቀበለው፤ አለቀ።

በማግስቱ እናቴ፣ የሴቶቹ እስኪከፈት ከወንዶቹ ጋር እንድቀራ ሸህዬን አስፈቅዳ፣ ለቁርኣን ቤት ታዘጋጀኝ ጀመር። አበስኩ ገበርኩ! እንደ ሙሽራ ነው ያዘጋጀችኝ። ጥፍሬን ከረከመች፣ ፀጉሬን ቅባት አስጠግባ ሹሩባ ሠራችኝ፣ እትዬ አሰገደች ከእናቴ አሮጌ ዓባያ ቁመቴን የሚያክል ቀሚስ አወጣችልኝ። ውዱእ ሦስት ጊዜ አስደረገችኝ፤ «ክርንሽ ደረቅ ነው፣ እንደገና» እያለች። ንያዬን፣ የልቤን ሐሳብ፣ አስተካከለች፦ «ለማን ነው የምትቀሪው?» «ለአላህ።» «ለማንስ አይደለም?» «ለሰው።» ምሳዬን አብልታ፣ ቁጭ አድርጋ፣ ሁለት ጉንጬን በመዳፏ ያዘች።

«ስሚኝ ኢቲዬ። ሸህዬ ያሉሽን አንዲት ሳታስቀሪ ይዘሽልኝ ነይ። አፋቸውን እንዴት እንዳደረጉት ሳይቀር። ገባሽ?»

«አንቺ ታውቂው የለ?» አልኳት።

«አንቺ መያዝሽን ነው የማየው» አለች።

እኔ እንዲህ ነበር የገባኝ፦ እናቴ ዐዋቂ ስለሆነች፣ ልጇ ደደብ ከሆነች ታፍራለች። ስለዚህ ልትፈትነኝ ነው። እሺ፣ እንተያያለን!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ጓሯችን ሰሌን ይነጠፋል። እኔ ሉሄን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። እሷ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ፈታኝ የሚቀመጠው ፊት ለፊት ነው፤ ሸህ ኑርዬም እንደዚያ ነው የሚቀመጡት። እኔ ፊደሏን በጣቴ እየነካሁ «አሊፍ! ባ! ታ!» እላለሁ፤ እሷ ትደግማለች። አንዳንዴ ጣቷን ሰድዳ፣ «ይቺኛዋ ማን ነበረች?» ትለኛለች። «ልትፈትኚኝ ነው» ብዬ እስቃለሁ። ትስቃለች፣ ግን ጣቷን አታነሣም፤ እስክነግራት ትጠብቃለች።

እትዬ አሰገደች ሁልጊዜ ያን ሰዓት ትመጣና በራችን ላይ በርጩማ አኑራ ባቄላ ትፈለፍላለች። ክርስቲያን ናት፣ ለግሸን ማርያም በየዓመቱ በእግሯ የምትወጣ፤ እኔ ፊደሉ ጥሟት የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲመጣ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። «ፈዲላን ነው? ሶላት ላይ ናት! ገና ነው፣ ረዥም ሶላት ነው የያዘችው!» አንድ ቀን ዘሀራ ራሷ መጥታ፣ «ይህን ያህል ሰዓት ምን ሶላት ነው?» ብትላት፣ እትዬ አሰገደች ሳታፍር፣ «የሳዑዲው ነዋ! የነሱ ይረዝማል» አለቻት። ዘሀራም፣ አላህ ያሳያችሁ፣ አመነች! «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያለች ተመለሰች። እናቴ ሰሌኑ ላይ በሳቅ ተደፋች። ከጦርነቱ ወዲህ እንዲያ ከልቧ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነበር።

ሁልጊዜ ግን ሳቅ አልነበረም። ከረመዷን በፊት ያለው ወር ሻዕባን ሊጋመስ ሲል፣ አንድ ከሰዓት ልጆቹ ሐይቁ ዳር ወርደው እኔ ሰሌን ላይ ቀረሁ። አስጠላኝ። ሉሄን ወዲያ ገፋሁት።

«አልቀራም! አንቺ ሁሉን ታውቂያለሽ፣ እኔን ለምን ታደክሚኛለሽ?»

ትቆነጥጠኛለች ብዬ ጭኔን ሸፈንኩ። አልቆነጠጠችኝም። ሉሁን አንሥታ፣ አቧራውን በሻሿ ጠርጋ፣ መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ያኔ ነው ያየኋት፤ እንባዋ እስከ አገጯ ወርዷል።

«ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ ኢቲዬ» አለች። «እባክሽን።»

እትዬ አሰገደች ከበሩ ላይ፣ «አንቺ ልጅ፣ አፈር አታስበያት!» ብላ ጮኸችብኝ፤ ለእናቴ ደግሞ፣ «ንገሪያት ብያለሁ!» አለቻት። እኔ እናቴ ያለቀሰችው በኔ ስንፍና መሰለኝ። ሸህ ኑርዬ ልጄን ሰነፍ ይሏታል ብላ ፈርታ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ወዲያ ወዲህ አላልኩም። ሃያ ስምንቱንም ፊደል፣ ገይኗን ከጉሮሮ፣ ዷዷን ከጉንጭ፣ ሸህ ኑርዬ እንዳሉት አድርጌ፣ እሷም እንደዚያው አድርጋ እስክትመልስልኝ አልለቃትም ነበር። ከተሳሳተች ጉልበቷን በሸምበቆዬ መታ አደርጋታለሁ። ቻለችው። እኔ እንኳ «ዐዋቂ ናት፣ የምትሳሳተው እኔ መንቃቴን ልታይ ነው» እላለሁ!

የሴቶች ቁርኣን ቤት የሚከፈትበት ቀን ቅዳሜ ጧት ነበር። መስጊዱ ግቢ ዋርካው ሥር ሰሌኑ ተነጠፈ። ሃያ ሦስት ሴት ልጆች ሉሃችንን አቅፈን ከፊት ተቀመጥን፤ እናቶቻችን ከኋላችን። እትዬ አሰገደች ሳትቀር አጥሩ ጋ ቆማለች። እናቴ ጥቁሯን ዓባያ ለብሳ በሸህ ኑርዬ ቀኝ ተቀመጠች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ያመማት መሰለኝ።

ሸኹ እንደ ድሮው ወግ አደረጉ። በድሮው ወግ አዲስ ቁርኣን ቤት ሲከፈት ሸኹ የመጀመሪያውን ሉህ ራሳቸው ይጽፋሉ፤ አስቀሪዋ ለጀማሪዎቹ ታሰማለች። ደግሞ ፊደሉን ተራውን አዟዙረው ነው የሚጽፉት፤ ልጅ በዜማ ሸምድዶ እንዳያታልል። ሸምበቋቸውን ነክረው፣ ትልልቅ አድርገው አራት መስመር ጻፉ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አሉበት። ከዚያ ለእናቴ ሰጧት።

እናቴ ሉሁን ተቀበለች። አየችው። ረዥም ጊዜ ነው ያየችው። ዘሀራ ከኋላ፣ «በይ እንጂ የኔ ወርቅ!» አለች።

እናቴ ሉሁን ገለበጠችው። እላዩን ወደ ታች፣ ታቹን ወደ ላይ። «ቢስሚላህ» አለች፣ ጣቷን ከታች ከግራ አስነሥታ፣ ወደ ቀኝ እየነዳች ታሰማ ጀመር። «ሚም። ሷድ። ዋው። ዐይን። ታ። ቃፍ…»

ሴቶቹ ዘንድ ሹክሹክታ ተነሣ። አንዷ «ኧረ ገለበጠችው!» አለች። ሌላዋ «አስተግፊሩላህ» አለች። እናቴ አልቆመችም። መስመሩን ጨርሳ አንድ እርከን ወደ ላይ ወጣች። «ላም። ኻ። ገይን…» ሃያ ስምንቱንም አሰማች። አንዲት አልሳተችም። እኔ እየቆጠርኩ ነበር።

ደስታዬ! ሰው በቀናው ያነባል፣ የኔ እናት ገልብጣ ታነባለች! በዚህች ምድር ላይ ማን ተገልብጦ ያነበበ አለ? ዘልዬ ተነሣሁና እልል አልኩ። ብቻዬን። ማንም አልተቀበለኝም። እናቴ አንገቷን ደፋች።

ሸህ ኑርዬ ጺማቸውን ያዙ። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ፈዲላ» አሏት፣ «ማን ነው ያስቀራሽ?»

«ልጄ» አለች እናቴ።

«ፊት ለፊቷ ተቀምጠሽ? ሉሁ እሷ ጭን ላይ ሆኖ?»

«አዎ ሸህዬ። እንዳታውቅብኝ ብዬ።» ከዚያ ዞራ ሴቶቹን አየች። ያን ጊዜ ከንፈሯ ቀለሙ ተመልሶ ነበር። «ስሙኝ» አለች። «እኔ ሪያድ ስድስት ዓመት የኖርኩት ወጥ ቤት ነው። ቁርኣኑ የእመቤቴ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ በየሳምንቱ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ እስመዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ከፍቼ አንዲት ፊደል አላውቅም። ዐረብኛዬ የማጀት ነው። ዓይኔም ደኅና ነው፣ የዋሸኋችሁን አውፍ በሉኝ። እኔ ምንም አላውቅም።»

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ኮራሁ። ሸህ ኑርዬ ባሕር ሆነው ሳለ «እኔ ምን አውቃለሁ» ይሉ የለ? በቃ፣ ዐዋቂ እንደዚያ ነው የሚለው። እናቴ ትሕትናዋ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት፣ ላገኘሁት ልጅ ሁሉ፣ «እናቴ ቁርኣን ገልብጣ ታነባለች፣ ሳዑዲ ነው የተማረችው» እያልኩ ጉራዬን ነፍቻለሁ። ሰው ሁሉ እውነቱን ያውቃል፣ እኔን ግን ማንም አላረመኝም። በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት እየላጥን፣ ራሷ የነገረችኝ። «እውነቴን ነበር ኮ ኢቲዬ» አለች። «አንዲት አላውቅም ነበር። ሃያ ስምንቱንም የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።» ቢላዋውን ጥዬ አለቀስኩ፤ በሸምበቆ የመታሁት ጉልበቷ ታወሰኝ። እሷ ግን ትስቅ ነበር፤ ከሸህ ኑርዬ እንኳ አንቺ ትብሺ ነበር አለችኝ።

ዋርካው ሥር ግን ገና ማንም አልሳቀም። ሁሉም ሸኹን ያያል። እሳቸው እንዲህ አሉ፦ «እኔ አርባ ዓመት አስቀራሁ። በቀናው ሰጥቻቸው አሥሩን ያልያዙ አሉ። ይቺ ተገልብጦ ተሰጥቷት ሃያ ስምንቱን ያዘች። መገልበጡን እናቃናዋለን፣ እሱ ቀላል ነው።» ሉሁን ከእናቴ ተቀብለው ዓይናችን እያየ አጠቡት። እንደገና ጻፉ፤ አሁን በተራው፣ ከአሊፍ። ከዚያ ከቀኛቸው ያለውን ቦታ ትተው፣ ከኛ ከልጆቹ መሀል አመለከቷት። «ኸዚህ ተቀመጪ። አስቀሪነቱ ይደርሳል።»

እናቴ ተነሥታ መጥታ ከልጆች መሀል ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ ከኋላ ኮቴ ተሰማ። ዘሀራ! ጫማዋን አውልቃ፣ ያን ሁሉ ገላዋን ይዛ፣ ልጆቹን በክርኗ እየገፋች መጣችና እናቴ ኋላ ዘፍ አለች።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «የሱቄን ዱቤ ልጄ አይደል የሚጽፈው? ጠጋ በሉ!»

ከዚያ አንዷ ተነሣች፣ ሌላዋ ተከተለች። ዐሥራ አራት እናቶች ሰሌኑ ላይ ወረዱ፤ ልጆቹ ቦታ አጥተን ሣሩ ላይ ወጣን። እትዬ አሰገደች ከአጥሩ ላይ እልልታዋን አቀለጠችው፤ አሁን ሁሉም ተቀበላት።

ሸህ ኑርዬ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፣ ወግ አለ። ጀማሪ ያለ አስረካቢ አይቀመጥም። የፈዲላን አባትም እናትም አፈር በልቷቸዋል። ማን ነው የሚያስረክበኝ?» ወላጅ ልጁን ለአስቀሪ ሲሰጥ «ሥጋዋ ያንቱ፣ አጥንቷ የኔ» ነው የሚለው፤ ግረፏት፣ ነፍሷን ብቻ መልሱልኝ እንደማለት ነው።

«እኔ!» ብዬ ተነሣሁ። «አጥንቷ የኔ! ሥጋዋም የኔ! ያስቀሯት እንጂ እንዳይነኩብኝ!»

ዋርካው ሥር ያለው ሰው በሳቅ ወደቀ። ሸኹ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። «እሺ፣ ተስማምተናል። ጀምሪ ፈዲላ።»

እናቴ ሉሁን ይዛ አየችው። መጀመሪያዋ አሊፍ ናት፤ አሊፍ ከላይም ከታችም ቢያዩዋት ያው ቀጥ ያለች ናት። «አሊፍ!» አለች፣ ግቢው እስኪሰማ። ሁለተኛዋ ላይ ቆመች። በቀናው አይታት አታውቅም። ጣቷ ፊደሏ ላይ ቀረ፤ እጇ ሉሁን ሊገለብጥ ሲል አየሁት።

ከሣሩ ላይ ተነሥቼ፣ በእናቶቹ ጉልበት ላይ ተረማምጄ፣ ጎኗ ተቀመጥኩ። ትከሻዬን ትከሻዋ ላይ ደገፍኩና ሉሁን ከእሷ ጋር በአንድ በኩል ያዝኩት።

«ባ» አልኳት።

«ባ» አለች እናቴ።